በልጄ ላይ የተሰለፍኩበት ቅዳሜ

ላስ ቬጋስ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው አንድ በሽታ ይይዘዋል፤ ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም ብሎ ያምናል። እኔንም ይዞኝ ነበር። ካዚኖ ውስጥ የእንግዳ ክፍል ሳጸዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ፍየል አግኝቼ፣ ደውዬ ተጨማሪ ፎጣ ያዘዝኩ ሴት ነኝ። የጠፋች ሙሽራ ከነቬሏ አልጋ ሥር ተኝታ ሳገኛት፣ እንዳትነቃ ብዬ የኤሌክትሪክ መጥረጊያውን አጥፍቻለሁ። ታዲያ የሰው ልብ እንዲህ ሲደነድን እግዚአብሔር ዝም ብሎ ያያል? አያይም። ቤዝቦል ይልካል።

ልጄ ናሆም ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ፣ ቢሮ ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ቤዝቦል ይጫወታል። ደመወዝ የለው፣ ዝና የለው፣ እንዲያው ለነፍሱ። ጨዋታው እኔ እንደገባኝ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የቀሩት ሜዳ ላይ ቆመው ያስባሉ። የተመታችውን ኳስ መሬት ሳትነካ የቀለበ ካለ፣ መቺው አበቃለት። ለአንዲት እናት ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል ብዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ በረሃ ውስጥ ካለች ትንሽ ከተማ ጋር ስለምንጫወት አብረሽኝ ነይ አለኝ። ሺፍት ስላልነበረኝ ረጅሙን ቀሚሴን ለብሼ፣ ማለዳ ከሰፈራችን ከሲልቬራዶ ራንች ተነሳን። አንድ ሰዓት ነዳን፤ ቤት የለም። ሁለት ሰዓት ነዳን፤ ቤት የለም። ስልኬን ቼክ ባደርግ ኔትወርክም የለም። እዚህ አገር የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ ብዬ ጠየቅሁት።

«እማዬ፣ አልሄዱም» አለኝ ናሆም። «ኔቨር አልመጡም።»

በሦስተኛው ሰዓት አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ታዩ። ከተማው ይኸው ነው ተባልኩ። መቃብሩ ከከተማው ይሰፋል። እሱስ ይሁን፤ ሜዳው መሃል አራት አህዮች ቆመው ሣር ይግጣሉ። የማን ናቸው ብል የማንም አይደሉም፣ የዱር ናቸው አሉኝ። ክው ነው ያልኩት። አህያ፣ ያለ ጌታ፣ ያለ ጭነት፣ ያለ ዱላ! ስንቶቻችን ወደዚህ አገር የመጣነው ይህን ፍለጋ አልነበረም? ያገኙት እነሱ ናቸው።

አህዮቹን እያባበሉ ያስወጡት አዛውንት ዴል ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የማዕድን ሠራተኛ ናቸው፤ የከተማው ቡድን አሠልጣኝም፣ ሜዳ ጠራጊም እሳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ እኛ መጡ። ዘጠኝ ተጫዋቾች ያስፈልጓቸዋል፤ አንዱ ጠዋት እጁ ተሰብሮ ስምንት ቀርተዋል። ባለፈውም ጎድለዋል፣ ዛሬም ከጎደሉ ከውድድሩ ይሰረዛሉ። ከተሰረዙ ደግሞ ሦስት ሰዓት ነድቶ እነሱ ዘንድ የሚመጣ ሰው አይኖርም።

ተመልካቾቹ ሦስት ነን፤ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ያለባቸው አሮጊት፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሉት ባለቤታቸው፣ እና እኔ። ዴል ሁለቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ ተመለከትኩ። ተራራ ብቻ ነበር።

«እማዬ፣ ፕሊዝ» አለ ናሆም በለሆሳስ። «ኖ በያቸው።»

ኖ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አሮጊቷ ግን እጄን ያዙኝና፣ «ለዛሬ ብዬ እኮ ፀጉሬን ትናንት ነው የተሠራሁት» አሉኝ። ይህን ሰምቶ እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል? የናሆም ቡድን አምበል፣ ማርከስ የሚባል ወጣት፣ እየሳቀ ፈቀደ።

ዴል ወደ ሜዳው ቀኝ ጥግ፣ ናሆምም ለቡድኑ ወደሚቆምበት ቦታ ወስደው አቆሙኝና፣ ወደዚህ ኳስ አይመጣም፣ መቆም ብቻ ነው ሥራሽ አሉኝ። የራሴን ጭንቅላት የሚያህል የቆዳ ጓንት አጠለቁልኝ። የመምታት ተራዬ ሲደርስ ሦስት ጊዜ አየር መትቼ ተመለስኩ፤ አሮጊቷ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ፀሐዩ ላይ ቆምኩ። ቆምኩ። በእውነትም የመጣ ኳስ የለም።

እንዲህ እያለ መጨረሻው ደረሰ። የእኛዎቹ በአንድ ነጥብ ይመራሉ። የእኛዎቹ ስል የዴልን ማለቴ ነው፤ አፌ መቼ እንደከዳ አላውቅም። የቀረው አንድ መቺ ብቻ ነው፤ እሱ ከወጣ እናሸንፋለን፣ ኳሷ መሬት ከወደቀች ግን ከናሆም ቡድን ሁለት ሰዎች ሮጠው ነጥብ አስቆጥረው ጨዋታው ይገለበጣል። መቺው ማን ነው? ከማኅፀኔ የወጣው ናሆም።

መታት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ኳሷ ሰማይ ላይ ወጥታ፣ ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ መጣች። ያን ጊዜ በልጄና በከተማው መካከል ተጨነቅሽ ወይ የሚለኝ አለ። ውሸት ምን ያደርጋል? የተጨነቅሁት ለጥርሴ ነው። ፊቴን አዙሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጓንቱ ጭንቅላቴን ከልዬ ሮጥኩ። ድንገት እጄ ከበደኝ። ዓይኔን ስገልጥ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ተቀምጣለች።

ስምንት ወንዶች እየጮኹ ወደ እኔ ሲሮጡ የሚደበድቡኝ መስሎኝ እስከ አጥሩ ድረስ ሸሸሁ። እዚያ ደርሰው ተሸከሙኝ። ዴል ዓይናቸውን በኮፍያቸው ይጠርጋሉ። አሮጊቷ ባላቸውን እያቀፉ ይስላሉ፣ እየሳሉ ይስቃሉ። ናሆም ዱላውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

ስንመለስ የመጀመሪያውን ሰዓት ዞር እያለ ያየኝ ነበር። በሁለተኛው፣ «እማዬ፣ የት ተማርሽው?» አለኝ። ኳሷን እየሸሸኋት ነበር አልኩት።

«ሀምብል አትሁኚ» አለኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያንም ለምእመናኑ ሁሉን ነግሯቸው ጠበቀኝ። መሸሼን በሐቅ መሰከርኩ፤ እንዴት ያለች ትሑት ናት አሉኝ።

ረቡዕ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ማርከስ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ሰዓት የሚያስነዳ ቦታ እንደሚጫወቱና ቀኝ ጥጉን እንድይዝላቸው በትሕትና ለመነኝ። የያዝኩት አንሶላ ከእጄ ወደቀ። ቀኝ ጥግ ላይ የሚቆመው ናሆም አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

ነበር አለኝ። አሁን ግን መኪናውን ይነዳል።