መኪናው ሰው ሲሆን

መቼም እናንተም ቤት አንዱ ሳይገባ አይቀርም፤ ያ ሲሻው መኪና፣ ሲሻው ሮቦት የሚሆነው አሻንጉሊት። ጎማውን ወደ ውስጥ፣ ክንዱን ወደ ውጭ፣ ቀጭ! አለቀ። ካርቶኑ ላይ «ከአምስት ዓመት በላይ» ይላል፤ እስከ ስንት ዓመት ድረስ እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። እኔ አርባን ስለተሻገርኩ ሳያልፍብኝ አልቀረም። የሰባት ዓመቷ ልጄ ማህደር ዓይኗን ጨፍና የምትገለብጠው አሻንጉሊት እኔ ስነካው ግማሹ መኪና ግማሹ ሰው ሆኖ ተቀርቅሮ ይቀራል።

ድሮም እንዲህ ነበርክ እንዳትሉኝ ብቻ። ቡሬ ቤት ተከራይተን ስንማር፣ ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ልናመጣ ወደ ገጠር እንወጣና እሑድ እንመለሳለን። ከከተማው መግቢያ አንዲት ወንዝ አለች። ስንመለስ እዚያች እግራችንን ታጥበን፣ በእጃችን የያዝነውን ጫማ አጥልቀን፣ የታጠፈ ሱሪያችንን አውርደን ተማሪ እንሆናለን። ስንሄድ እዚያው አውልቀን ገበሬ። ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ክረምት ሲገባማ ከአባቴ እኩል እርፍ ጨብጬ አርስ ነበር። ያ ልጅ ዛሬም ድረስ ይናፍቀኛል።

ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ማህደርን ይዤ ከፍኖተ ሰላም ወደ አባቴ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ «እኔም እኮ እንደ ሮቦትሽ ነበርኩ» እያልኩ ጉራዬን ነዛሁባት። ልጅ ደግሞ ጉራ አይረሳም። አባቴ ለጤፍ ሲያርሱ ደረስን፤ ሰላምታው እንኳ በወጉ ሳያልቅ፣

«አባባ፣ አባዬ ገበሬ ሆኖ ያሳየኝ!» አለቻቸው።

አባቴ ጫማዬን አዩና ፈገግ አሉ። «እንካ እንግዲህ፤ እጅህ ካልረሳ።»

የፈለግሁት አንድ ትልም ብቻ ነበር፤ ልጄ ፊት አንድ ቀጥ ያለ ትልም። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሱሪዬን ሰበሰብኩ፣ እርፉን ጨበጥኩ። «ሂድ!» አልኩ። በሬዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ጮህኩ። ግንባረ ነጩ በሬ፣ ቦራው፣ አንገቱን ቀለስ አድርጎ በዓይኑ ገረፍ አደረገኝና ማመንዠኩን ቀጠለ። አባቴ ከኋላዬ አንዲት ቃል ጣል ቢያደርጉ ሁለቱም ተንቀሳቀሱ፤ እርፉ ግን እጄ ውስጥ ተወላገደ፣ ትልሙም ተጣመመ። ማህደር ትልሙን አየች፣ እኔን አየች። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ እርፉን ቀስ ብለው ተቀበሉኝ። «አይዞህ፤ እኔም እኮ አንተ ቤት ሶፋው ላይ እንዲሁ ነኝ» አሉኝ።

ስንመለስ ወንዟ ጋ የተሳፈርንበትን ባጃጅ አስቆምኩ። ዛሬ ድልድይ አላት፤ የሚወርድባት የለም። ጭቃዬን ላጥብ ወረድኩ። ማህደር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሮቦቷን ስትጠመዝዝ ቆየችና፣ ግማሹን መኪና ግማሹን ሰው አድርጋ አጠገቤ አቆመችው።

«ይሄ አንተ ነህ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ደግነቱ አልወደቀም። ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።