ትርሲት ያልቀመሰችው ኬክ

ትናንት ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ሸለብ አደረገኝና የጉድ ሕልም አየሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን ወንበር ላይ እንደተኛሁ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ትርሲት ማዳም ሂልደ የሚባሉ ጀርመናዊት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ምግብ አብስላለች። ሴትዮዋ አገራቸው ከገቡ ቆይተዋል፤ ትናንት ግን አሥር ሰዓት ላይ እኛ ቤት ሊመጡ ነበር። ትርሲት እሳቸው ያስተማሯትን ኬክ ጋገረች። ከላዩ ከማርና ከቅቤ ጋር የፈላ አልሞንድ የሚሉት የፈረንጅ ለውዝ ይለብሳል፤ በእነሱ አገር «የንብ ንድፊያ» ይሉታል። አልሞንዱ ለአንድ ኬክ ብቻ የሚበቃ ነበር። ችግሩ ፍልሰታ ነው። ቅቤና እንቁላል የገባበትን ነገር በምላሷ አትነካም፤ እኔም ጿሚ ነኝ። ሳልቀምሰው እንዴት ለሳቸው አቀርባለሁ፣ ስኳሩ ቢበዛስ፣ ቢያንስስ እያለች እጇን ስታፍተለትል ዋለች። በኋላ ድመቷ እንዳትደርስበት ጠብቅ አለችኝና ልብስ ልትለውጥ ገባች። ኬኩ አጠገብ ወንበር ይዤ ጠበቅሁ እንግዲህ።

በሕልሜ ወጥ ቤታችን ውስጥ ንቦች ሽርጥ ታጥቀው ተሰልፈዋል።

«ተራ በተራ ንደፈን፤ ቶሎ በል፣ ሥራ አለን» አሉኝ።

ነደፍኳቸው። እያመሰገኑኝ ማራቸውን ትተው ወጡ። እንቁላል ፍለጋ ወደ ዶሮዋ ሄድኩ። ነጠላዋን አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰች ነበር። እንቁላል ስላት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«በፍልሰታ?» ብላኝ አለፈች። እውነቷን ነው፣ አፈርኩ።

ምድጃውን ስከፍት የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ድንበሩ ውስጡ ተቀምጠዋል። ግማሽ ፊታቸው ቀላ ብሏል። ገና ነኝ፣ ብርድ ከገባብኝ እሟሽሻለሁ ብለው ተቆጡኝ። ዘጋሁት።

ሳሎን ስገባ ኬኩ ትልቁ ሶፋ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ትርሲት ከፊቱ እንደ ተፈታኝ ቆማለች። በትንሽ ማንኪያ እጇን ነካ አድርጎ ቀመሳትና ዓይኑን ጨፈነ።

«ይቺን ሴት የጋገረ እጁ ይባረክ» አለ።

ደረቴ ተነፋ። የኬኩ ማማር ደግሞ! ገላው ለስላሳ፣ አልሞንዱ ወርቅ መስሎ ያብረቀርቃል። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲህ ያለ ነገር ከእጇ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል፤ በሕልሜም ገረመኝ።

ከዚያ ኬኩ አለቀሰ። ሰውን ሁሉ ሲቀምስ ውሎ እሱን የሚቀምሰው አጣ። ዶሮዋን ለመናት፣ እምቢ አለች። ንቦቹ ቀጠሮ አለብን አሉ። ጋሽ ድንበሩ ገና አልበሰሉም። ዞሮ እኔን አየኝ። አንጀቴን በላው። ጎንበስ አልኩና ጉንጩን ገመጥኩለት። ንቦቹ አጨበጨቡ።

ጭብጨባው ዝናቡ ነበር። ነቃሁ። ጺሜ ላይ ማር ተለጥፏል። የኬኩ አንድ ጎን የለም። ድመቷ ጥግ ሆና ትታዘበኛለች። ትርሲት አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። አሁን ጉዴ ፈላ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ስኳሩ እንዴት ነው?» አለችኝ።