የእንግዳ ድንጋይ

ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ገጥሟችሁ ያውቃል? የያዘው ዓሣ ሁሉ ድሮ የተያዘ ነው። እኔን የገጠሙኝ ጡረተኛው መምህር ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጫሞ ሐይቅ ዳር ወስደው መንጠቆ አስያዙኝና፣ «እንግዳ ፊት ይቀመጣል» ብለው ውኃው ጫፍ ካለች ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸው ከኋላዬ ራቅ ብለው ዛፍ ተደገፉ።

«ድሮ እኮ አዞው ራሱ ጨዋ ነበር፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚመጣው።»

ከፊቴ ግንድ ተንሳፍፏል። እስቲ ፍረዱኝ፣ ግንድ ዓይኑን ያርገበግባል?

«ጋሼ፣ ድሮ ከማን ጋር ነበር የሚያጠምዱት?» አልኩ።

«ከቶማ ጋር ነዋ! ነፍሱን ይማረውና፣ ያቺን ድንጋይ እንዴት ይወዳት ነበር! ከሱ በኋላ ደግሞ ዘለቀ፤ እሱንም ነፍሱን ይማረው።»

ግንዱ ቀረብ አለ።

«እርስዎስ?» አልኩ እግሬን ሰብስቤ።

«እኔማ እንግዳ አክባሪ ነኝ፤ አንድም ቀን ተቀምጬባት አላውቅም።»