የእትዬ ዕፀገነት ቦርሳ

ሐበሻ በተከራየበት ሕንፃ ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ ሳይማር የተሾመ አንድ ሐኪም አይጠፋም። የእኛ ሕንፃ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ነው፤ ሐኪማችንም ክብርት እትዬ ዕፀገነት ናቸው። ሕክምናው የሚሰጠው ከጥቁር የእጅ ቦርሳቸው ነው። እዚያ ውስጥ በመንገደኛ ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ከታመመ ዘመድ የተረፈ፣ ጊዜው ያለፈበት ኪኒን ሁሉ ተቻችሎ ይኖራል።

የእትዬ ዕፀገነት ሳይንስ በሁለት ቃል ይጠቃለላል፤ «እኔን አድኖኛል።» ይህ ከተባለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ኪኒኖቹን የሚለዩት በቀለም ነው፤ ቢጫው ለሆድ፣ ሮዙ ለሁሉም ነገር። ለሕፃን ግማሽ ይበቃል፤ ለሽማግሌ ግን እጥፍ ያስፈልጋል፣ በሽታውም አብሮት አርጅቷልና። የጎረቤታችን የፍቅርተ ልጅ ትኩሳት ሲይዘው በግማሽ ኪኒን ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ዋለ። እናቱ ብትደነግጥ፣ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን አስረዷት። ነፍሰ ጡሯ ያኤል «መጀመሪያ ሐኪሜን ልጠይቅ» ስላለቻቸው ደግሞ አኩርፈዋት ከረሙ።

እንቢ ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እትዬ ዕፀገነት ኪኒን የሚሰጡት እንደ ጉርሻ ነው። ውኃውን ይዘው ከፊት ይቆማሉ፤ እስኪዋጥም ንቅንቅ አይሉም።

አቶ ቶሎሳ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ለልባቸው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ። በዝናቡ ወራት ጉልበታቸውን ቢያማቸው፣ እትዬ ዕፀገነት ደረጃውን ወርደው የሕመም ማስታገሻ ሰጧቸው፤ በሽምግልናቸው ልክ፣ እጥፍ አድርገው። ብዙም ሳይቆይ አቶ ቶሎሳ ደም አስመለሳቸውና ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናቸው።

ወጣቷ ኬንያዊት ሐኪም ከልብ መድኃኒቱ ሌላ ምን እንደወሰዱ ጠየቀች። ሳታውቀው የምትሰጣቸው ሕክምና ሊገድላቸው እንደሚችልም አልደበቀችም። አቶ ቶሎሳ በደከመ ድምፅ «ምንም» አሉ። ልጃቸው ኢያሱ ጫማውን አየ። የቀረነው ጎረቤቶች ግድግዳው ላይ ስለ እጅ መታጠብ የተለጠፈውን በጥሞና አነበብን። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግን ለሰው አስበው ደረጃ የወረዱ ሴት በባዕድ ሐኪም ፊት እንዴት ይዋረዳሉ? ሐኪሟ እንደገና ጠየቀች። አቶ ቶሎሳ እንደገና «ምንም» አሉ። ሰውዬው በይሉኝታ ሊሞቱ ነበር።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። እትዬ ዕፀገነት ከገበያ ሲመለሱ ወሬውን ሰምተው፣ ማንም ሳይጠራቸው በማታቱ ታክሲ ደርሰዋል። ማንንም ሰላም ሳይሉ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ከክምሩ ውስጥ ስሙ ያልጠፋበትን አንድ ማሸጊያ አንስተው፣ በገበያ ስዋሂሊያቸው «ዳዋ ኒ ሂዪ። ሚሚ ኒሊምፓ» አሉ። መድኃኒቱ ይህ ነው፣ የሰጠሁትም እኔ ነኝ ማለታቸው ነው።

አቶ ቶሎሳ ከአልጋቸው ላይ ሆነው «እሷ አልሰጠችኝም» አሉ።

«ይዋሻሉ» አሉ እትዬ ዕፀገነት። «ውኃውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ማሸጊያውን ነጥቃ ወጣች።

አቶ ቶሎሳ ድነው ተመለሱ። የቦርሳው ሀብት በሙሉ እንዲወገድ ለፋርማሲ ተሰጠ። ቦርሳው ግን ሥራ አልፈታም፤ አቶ ቶሎሳ ቀጠሮ ባላቸው ቀን የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዞ አብሯቸው ይሄዳል። የእትዬ ዕፀገነት አዲሱ ሳይንስም «ሌላ ምን ትወስዳለህ?» የሚል ነው። ሚንት ከረሜላ የለመናቸው ሰው እንኳ ይህን ሳይመልስ አያልፍም።

በቀደም ጉንፋን ይዞኝ፣ ሮዟ ኪኒን ተርፋ እንደሆነ ለቀልድ ጠየቅኋቸው። አልሳቁም። ስለ ጨጓራዬ፣ ስለ ደም ግፊቴ፣ ስለ አባቴ ደም ግፊት ጭምር መረመሩኝ። ከዚያም ወደ ቤታቸው ወጥተው የሞቀ ውኃ በማር ይዘው ወረዱ። ብርጭቆውን ሰጥተውኝ፣ እንደ ድሮው ከፊቴ ቆሙ።

ናይሮቢ ውስጥ እስክውጥ ድረስ ቆሞ የሚጠብቀኝ ሌላ ሰው የለኝም። ቀስ ብዬ ጠጣሁት።