ዶሮ ይዤ አውሮፕላን ላስመረምር የሄድኩ ቀን

ጠጋ በይ፣ ልጄ። ያ በርጩማ ይወዛወዛል፤ እዚህኛው ላይ ተቀመጪ። ጥቅምት ገባ አይደል? ማሽላው ፍሬ ሲይዝ የግሪሳ ወፍ እንደ ደመና የሚወርድበት ወር ነው። ይህ ወር በመጣ ቁጥር አንድ አውራ ዶሮ ትዝ ይለኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። ልጄ ግርማ ግሪሳ ላይ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ያበር ነበር። እናት ሆነሽ አስቢው፤ ሌላው አብራሪ ከወፍ መንጋ ይሸሻል፣ የኔው ወደ መንጋው ይበራል! አንድ እሁድ መካኒኩን ቶሎሳን ምሳ ጋብዞት መጣ። ቶሎሳ ጨዋታ ያውቃል። ውጭ አገር ትልልቅ የአውሮፕላን ሞተር የሚሠሩ ሰዎች፣ የሞተ ዶሮ መድፍ በመሰለ ነገር ወደሚዞረው ሞተር ይተኩሳሉ አለን። ሞተሩ ሳይፈነዳ፣ ሳይነድ ከቻለው ብቻ ነው አሉ የደህንነት ወረቀት የሚሰጡት።

“የግርማስ ዶሮውን ችሏል?” አልኩት።

“አዴ፣ የኛ እኮ ትንሽ ነው። ማን ዶሮ ያባክንበታል?” ብሎ ሳቀ።

እነሱ ሳቁ፤ እኔ እህል አልወርድ አለኝ። ልጄ ለካ ባልተፈተነ ነገር ነው የሚበረው!

ማክሰኞ ጠዋት አውራ ዶሮዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ የአውሮፕላን ሜዳው በር ደረስኩ። ዘበኛው ዶሮ ይዤ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ለምርመራ ነው አልኩት።

“እማማ፣ የከብት ሐኪሙ እኮ ገበያው ጋ ነው።”

ምርመራው ለአውሮፕላኑ ነው ስለው የቀበሌ ወረቀት አምጪ አለኝ። ያኔ ያለ ቀበሌ ወረቀት የት ይኬዳል? አስቤበት ነበር፤ አውጥቼ ሰጠሁት። ጮክ ብሎ አነበበው፦ “አንድ አውራ ዶሮ፣ ለአውሮፕላን ጉዳይ።” ማኅተሙን ሲያይ አሳለፈኝ።

ግርማ ሊበር ቱታውን ለብሶ ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱ በርበሬ መሰለ። “እማዬ፣ በሞቴ ወደ ቤት ሂጂ! መሳቂያ አደረግሽኝ” አለ። ጓደኞቹ “ጓድ ዶሮ፣ እንኳን ደህና መጣህ!” እያሉ ይንከተከታሉ። ቶሎሳ ግን ቀስ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር።

“አዴ፣ ዶሮ ብንተኩስበት እኮ ይሰበራል።”

“ታዲያ ይሰበር! ልጄ ሳይኖርበት እዚሁ ይሰበር!” አልኩት። እንባዬ መጣ።

ሳቁ ቆመ። ቶሎሳ አንገቱን ደፋ። የዕለቱን የምርመራ ወረቀት ለካ ሞተሩን ሳይከፍት ነው የፈረመው፤ አውሮፕላኑ ሰሞኑን ቆሞ ስለከረመ ምን ይነካዋል ብሎ። መፍቻውን አነሳና ክዳኑን ከፈተ። ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? የወፍ ጎጆ! ደረቁ ሣር ሞተሩ ላይ ተጎዝጉዞ፣ ሦስት እንቁላል ተጥሎበታል። ሞተሩ ሲግል ይቀጣጠል ነበር አለ ቶሎሳ። ግርማ መጥቶ ዶሮውን ከብብቴ ተቀበለና ያዘልኝ።

ዶሮውን መካኒኮቹ ሠርተው በሉት፤ አርጅቶ ስለነበር ሲያኝኩት ዋሉ። ቶሎሳ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ክዳን ሳይከፍት ፈርሞ አያውቅም፤ አሁን ሞጆ ነው ያለው። ግርማ ብዙ ዓመት በግሪሳ መሃል በረረ፣ ጭረት እንኳ አልነካውም። በኋላ መብረሩን ተወና ባቱ ወርዶ ሽንኩርት ተከለ። የመጀመሪያውን ምርት ሊያስጭን በጋሪ ሲሄድ ፈረሱ ደንብሮ ጣለው፣ እግሩ ተሰበረ። ይኸው እስከ ዛሬ ያነክሳል። ፈረሱን ግን መርምሩልኝ ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም።