ማዘጋጃ ቤቱን ያስለቀቀ ሽቶ

ጨዋነት ከሁሉ ይበልጣል። በአውስትራሊያ፣ በሰሜን ኩዊንስላንድ ዳርቻ ያለችው ይህቺ የማንጎ ከተማ ደግሞ ከማንጎም አብልጣ የምታመርተው ጨዋነት ነው። እዚህ ሰው የጎረቤቱ ቤት ሲቃጠል ቢያይ እንኳ፣ «ዛሬ ትንሽ ይሞቃል፣ አይደል?» ብሎ ያልፋል እንጂ ሰው አያሳፍርም።

ሎሬል ሃቻርድ በከተማው ማዘጋጃ ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ፣ ከእግዜር ሰላምታ በቀር ልብ ብሎ ያያት ሰው አልነበረም። ለዕረፍት ከሄደችባት ከባሊ ደሴት ስትመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ያን ሽቶ ገዛች። ደፋር ሽቶ ነው። ገና ሲረጭ የበሰለ ማንጎና እንጆሪ ከባለቤቱ ቀድመው በር ይገባሉ፤ ወደ ምሳ ሰዓት ፍሬው ለአበባው ይለቅና ፍራንጂፓኒና ጽጌረዳ ይነግሣሉ፤ ማታ ቫኒላው አንገት ሥር ተኝቶ ያድራል። ልብስ ላይ ካረፈ ሁለት እጥበት ይችላል። ሎሬል የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው «ምን ተቀብተሽ ነው? ደስ ይላል» እንዲላት።

ማንም አላላትም። ሳይሸታቸው ቀርቶ አይደለም። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ስለ ባልደረባ ገላ፣ አለባበስና ጠረን አስተያየት መስጠት ነውር መሆኑን ሠራተኛውን ሰብስቦ አሠልጥኖ ነበር። ሥልጠናው ከታሰበው በላይ ተሳካ።

ሽቶ ግን ክፉ ጠባይ አለው፤ የባለቤቱ አፍንጫ ቶሎ ይለምደዋል። ወር ሳይሞላ ሎሬልን ምንም አልሸታት አለ። «ሳስቷል» ብላ አንዱን ርጭት ሦስት አደረገችው። አሁንም ዝም ሲሏት ስድስት አስገባችው።

የሒሳብ ክፍል ሰዎች ዓይናቸው እያነባ «የአበባ ብናኝ ነው» ተባባሉ። መሐንዲሱ ዴዝሞንድ የፍሳሽ ቱቦውን አስቆፍሮ ንጹሕ መሆኑን ስላረጋገጠ ተመሰገነ። በመጨረሻ የማንጎ ዘመን የገባ የመሰላቸው ፍሬ በል የሌሊት ወፎች መጥተው ከመስኮቷ አጠገብ ባለው ዛፍ ላይ ሰፈሩ። በአገሩ ሕግ የሌሊት ወፍን ከሰፈረችበት ማስነሣት ወንጀል ነው። ሎሬልን ማስነሣት ደግሞ ጨዋነት አይደለም። ስለዚህ ሊነሣ የሚችለው ማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ምክር ቤቱ በሩን ዘግቶ ተሰበሰበ።

«አንድ ሰው ቢነግራትስ?» አለች ምክትል ከንቲባዋ ግሌኒስ።

«ማን?» አሉ ከንቲባ ራስል።

«አንተ ነዋ። ከንቲባው አንተ አይደለህ?»

«እኔማ የመራጭ ድምፅ የምለምን ሰው ነኝ። ለሴት ሴት ብትነግራት አይሻልም?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ቦውልስ እየተጫወትን? ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ዝም አይነቅዝምና ጉባኤው ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ መሥሪያ ቤቱ «ለተሻለ የአየር ዝውውር» ወደ አሮጌው የስኳር መጋዘን እንዲዛወር በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ዕቃ የማጓጓዙን ሥራ በበላይነት እንድትመራም፣ ስለ አየሩ አንድም ቀን አቤቱታ ያላሰማች ብቸኛ ሠራተኛ በመሆኗ፣ ሎሬል ተሾመች።

በምረቃው ዕለት ከንቲባው «ከተማችን ዛሬ አዲስ ምዕራፍ ትተነፍሳለች» ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ። ሎሬል ክብረ በዓል ነው ብላ ከወትሮው ጨመር አድርጋ ነበርና ከፊት የተቀመጡት እንግዶች አንድ በአንድ፣ ማንንም ሳያስቀይሙ፣ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወሩ። ባዶውን ረድፍ ስታይ ምስኪኗ ሆድ ባሳት። ሪባኑ እንደተቆረጠ ቀጥ ብላ ወደ ከንቲባው ሄደች።

«ራስል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ይኸው ስንት ወር ሆነኝ፣ ሽቶ ተቀብቼ እመጣለሁ። አንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አላለም። ለመሆኑ አንተን ይሸትሃል?»

አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ፤ ለነገሩ ቀድሞም ውጦት ነበር። ግሌኒስ ከሴትዮዋ ጀርባ ሆና «ንገራት፣ ንገራት» እያለች በዓይኗ ትለምናለች። አንዲት ቃል ከተማውን ልታሳርፍ ነው። ከንቲባው የሎሬልን የሚንቀጠቀጥ አገጭ አዩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጨካኝ ለመሆን አልተፈጠሩም።

«ኧረ ሎሬል፣» አሉ እጇን መታ መታ አድርገው፣ «እኔን ምንም አይሸተኝም።»

ሎሬል እፎይ አለች።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። ለሻጮቹ ስደውል እጥፍ ጉልበት ያለው አዲስ መጥቷል ብለውኛል። ለሰው እንዳይበዛበት ብዬ ስፈራ ነው የቆየሁት፤ አንተ ካልክማ ዛሬውኑ አዝዛለሁ።»

ከንቲባው አጨበጨቡ። ሕዝቡም በጨዋ ደንብ ተከትሏቸው አጨበጨበ።