መልአከ ቁልፍ ባዬና ያልተነካው ማይክሮስኮፕ

ቆላፊ የሌለበት ቦታ የለም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩ፣ በየዘመድ ቤቱ አንድ አይጠፋም። አዲሱን ብርጭቆ ለእንግዳ ብሎ ደብቆ ዕድሜውን ሙሉ በጣሳ የሚጠጣ፣ ሶፋውን ከነላስቲኩ የሚያስረጅ እሱ ነው። ዕቃ የተፈጠረው ሊቀመጥ እንጂ ሊሠራበት አይመስለውም።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዚህ ወገን አለቃ ጋሽ ባዬ ናቸው። ሥራቸው ንብረት ክፍል ነው፤ መምህራኑ ግን በሌሉበት «መልአከ ቁልፍ» ይሏቸዋል። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያስራሉ። ማንም ምንም ቢጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ቢሰበርስ?»

የሳይንስ መምህርቷ ያምሮት ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል። አንድ በጎ አድራጊ ለትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ፣ ሉልና ማግኔት ከሰጠ ዓመታት አልፈዋል፤ ሁሉም ከነላስቲኩ ተቆልፎበታል። እሷ ማይክሮስኮፕን ሰሌዳ ላይ ትስላለች፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። የአንዳንዱ ሥዕል ዶሮ ይመስላል። አትፈርድባቸውም፤ ዶሮ አይተዋል፣ ማይክሮስኮፕ አላዩም።

የኅብረተሰብ ትምህርት መምህሩ አንድ ቀን ተማሪዎቹን ይዞ ሄዶ ሉሉን በቁም ሣጥኑ መስታወት አሳያቸው። ሉሉ አፍሪካን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስለተቀመጠ ልጆቹ ውቅያኖስ ብቻ አይተው ተመለሱ። ያምሮት ደግሞ ማግኔቱን ለመነች።

«ጋሽ ባዬ፣ ማግኔት እኮ ብረት ነው። በምን ይሰበራል?»

«እሱስ አይሰበርም፤» አሉ አሰብ አድርገው። «ቢያልቅስ?»

ተስፋ ስትቆርጥ በጭቃና በእንጨት ማስተማር ጀመረች። እህተ ማርያም የምትባል የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ከጓደኞቿ ጋር ከፕላስቲክ ጠርሙስ የውኃ መዘውር ሠራች። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ቦይ ላይ ሲተክሉት ዞረ! ልጆቹ ጮኹ። ጋሽ ባዬም መጥተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እያደነቁ ተመለከቱት።

በማግሥቱ መዘውሩ የለም። ሲፈለግ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከሉሉ አጠገብ ተገኘ።

እህተ ማርያም አለቀሰች። «ገና ክንፍ ልንጨምርለት ነበር እኮ።»

ያምሮት በቀጥታ ንብረት ክፍል ገባች። «የልጆቹን ሥራ ያውጡ!»

«እንዴት ያለ ግሩም ነገር መሰለሽ! ጎርፍ ወስዶት ቢሰበርስ ብዬ ነው።»

«ይሰበራ! ሌላ ይሠራሉ። እርስዎ የቆለፉት ዕቃ አይደለም፣ ልጆቹን ነው! ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲወጡ እጃቸው ምንም አልነካም። እግዜር ሲጠይቅዎ ንብረቱ ሙሉ ነው ሊሉ ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። እኛ ስንማር ጠመኔ እንኳ አልነበረም፣ በከሰል ነው የጻፍን። ያገኘነውን ካልጠበቅነው ነገ ከየት ይመጣል?»

«ታዲያ እነዚህም በከሰል ይማሩ?»

በሩን በላያቸው ወርውራ ወጣች። መዘውሩን ከነቁጣቸው መለሱ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ የእግዜር ሰላምታ ነፈገቻቸው።

አንድ ዓርብ ርእሰ መምህሩ ያረጋል መምህራኑን ሰበሰበ። «ከበላይ ደውለዋል። በየትምህርት ቤቱ ያልተነካ ዕቃ ካለ ሰብስበው ለሚጠቀምበት ሊሰጡ ነው። ሰኞ ይመጣሉ።»

«ይውሰዱት!» አለች ያምሮት። «አንድ ልጅ እንኳ ያየዋል።»

ጋሽ ባዬ አመድ መሰሉ።

ሰኞ ጠዋት እያስተማረች ሳለ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። ጋሽ ባዬ ላስቲኩ የወለቀለትን ማይክሮስኮፕ እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል።

«ያምሮት፣ ልጄ፣ ቶሎ በይ! አቆሽሹልኝ!»

«ምን አሉ?»

«የሚወስዱት ያልተነካውን ነው። ንኩት! ሁላችሁም ንኩት!»

ያምሮት ከመቼውም ይልቅ ተናደደች። እሷ ስትለምን፣ ልጅ ሲያለቅስ ያልተከፈተ ቁልፍ፣ ሊወሰድባቸው ሲሆን ተከፈተ! ልታስወጣቸው አፏን ከፈተች። ልጆቹ ግን ተነሥተው ዴስኩን ከብበውታል። ቁጣዋን ዋጠችና ከጎረቤት ቀይ ሽንኩርት አስመጣች፤ በጥፍሯ ስስ ቆዳውን ልጣ ከሌንሱ ሥር አደረገች፤ መስታወቱን በመስኮቱ ወደሚገባው ፀሐይ አዞረች። ልጆቹ ተራ በተራ እያጎነበሱ «ውይ!» አሉ።

እንግዶቹ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። አንደኛው የሚያብለጨልጨውን ማይክሮስኮፕ አየና ተጠራጠረ። እህተ ማርያምን ጠጋ ብሎ ጠየቃት፦ «በዚህ መማር ከጀመራችሁ ቆያችሁ?»

ጋሽ ባዬ ማተባቸውን ጨበጥ አደረጉ።

«ስለ እሱ ከተማርንስ ቆየን፤» አለች ልጅቷ፣ ውሸት ሳትናገር። ከላይ እስከ ታች የእያንዳንዱን ክፍል ስም ጠራችለት። ሰውየው ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸቱትን እጆች ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ፈገግ ብሎም ምንም ሳይወስድ ባልደረባውን ይዞ ወጣ።

ያምሮት ጋሽ ባዬ ዕቃውን ጠቅልለው ሊሄዱ ነው ብላ ጠበቀች። ለዓመታት ያጠራቀመችው ንግግር አፏ ላይ ደርሷል። እሳቸው ግን ቆመው ቀሩ።

«መምህርት፣ እኔስ?»

«እርስዎ ደግሞ ምን?»

«አላየሁም እኮ።»

ያን ያህል ዓመት አቧራውን ሲጠርጉለት ኖረው አንድ ቀን እንኳ ዓይናቸውን አላስጠጉበትም። ቆባቸውን አወለቁ፣ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው አጎነበሱ።

«የማር እንጀራ!» ብለው ጮኹ በመጨረሻ። «ሽንኩርት ውስጥ የማር እንጀራ ተደርድሯል!»

«ሕዋስ ይባላል። አሁን ይነሡ፣ ልጆቹ ተራ እየጠበቁ ነው።»

«ቆይ... ቆይ ትንሽ...» አሉ፣ አፋቸውን እንደ ሕፃን ከፍተው።

ያምሮት የተጎነበሰውን ሽማግሌ ጀርባ አየች። ያ ሁሉ ንግግር ከየት እንደሚጀምር ጠፋት። እየተነጫነጨች ሄዳ ወንበር አመጣችላቸው።